የአስታማሚን ሸክም ስለ መካፈል



ሰው ከነፍስና ከሥጋ አንድ ሁኖ የተፈጠረ ስለ ሆነ፥ የነፍሱ ኀዘን ወደ ሥጋው፥ የሥጋውም ሕመም ወደ ነፍሱ ይደርሳል። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 17 የልብ ደስታ ለሥጋ ጤና፥ የመንፈስ መሰበር ግን ለሥጋ ድካም እንደሚሆን ያስተማረው ስለዚህ ነው። ይህን ትምህርት ብዙ ጊዜ ለሌሎች ሰብከናል፤ በሚገባ የተረዳነው ግን በ2012 ዓ.ም. በጉለሌ ነው።

በዚያ ዓመት መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። በመጀመሪያ የፓስተር ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው፥ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተባለው የምርመራ ቤት በዚሁ በጉለሌ ስለሚገኝ፥ ወሬው ለእኛ ቅርብ ነበር። ሽማግሌዎችም በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ስለ መታው ስለ ኅዳር በሽታ ከወላጆቻቸው የሰሙትን እያስታወሱ ይፈሩ ነበር።

ከደብራችን ምእመናት አንዲቱ አካላቱ የማይታዘዝለትን ባልዋን ለሁለት ዓመት ብቻዋን ታስታምም ነበር። ፍርሃቱ በበረታበት በዚያ ወራት ከደጃፏ ቆመን፥ «ልጄ፥ አይዞሽ፤ አትጨነቂ፤ በጸሎት በርቺ» አልናት። እርስዋም አንገቷን ደፍታ፥ «አባቴ፥ ጭንቀቱን ለእግዚአብሔር ሰጠሁ፤ ሌሊቱን ግን ማን ይጠብቅልኝ?» አለችን። መልስ አልነበረንም፤ ባርከናት ሄድን። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እርስዋ ራስዋ በብርቱ ጉንፋንና ሳል ተያዘች። ጎረቤቶችም፥ «እምነቷ ቢጸና ኖሮ ባልተጨነቀች፥ ባልታመመችም ነበር» እያሉ ሲያሟት ሰማን። የእኛም ምክር ለዚህ ሐሜት በር እንደ ከፈተ ተረድተን አዘንን።

ሊቃውንተ ሕክምና ነገሩን እንዴት እንደ መረመሩት እንመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፥ በእንግሊዝ አገር 394 ጤነኞች በፈቃዳቸው ቀርበው ጉንፋን ከሚያመጡ 5 ዓይነት ቫይረሶች አንዱ በአፍንጫቸው ተጨመረላቸው። ኑሮ ምን ያህል እንደ ከበዳቸውም አስቀድመው ተጠይቀው ነበር። ጭንቀታቸው እጅግ ካነሰው ከ100 ሰው 27 ያህሉ፥ እጅግ ከበዛው ግን ከ100 ሰው 47 ያህሉ በጉንፋን ታመሙ። ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር በአሜሪካ በወጣ ጥናት፥ የመርሳት በሽታ የያዛቸውን የትዳር ጓደኞቻቸውን የሚያስታምሙ 32 ሰዎች ከሌሎች 32 ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ፥ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአስታማሚዎቹ ሰውነት ያስነሣው የመከላከል ኃይል አንሶ ተገኘ።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። ሰው ሲጨነቅ ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። ይህም ለአጭር ጊዜ ሲሆን፥ ሰውነት ቫይረስን ሲዋጋ የሚያስነሣውን ብግነት በልክ ይይዘዋል። ጭንቀቱ ወራትና ዓመታት ሲቆይ ግን የሰውነት ዘበኞች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ትእዛዙን መስማት ይተዋሉ፤ ቀንና ሌሊት ያለ ማቋረጥ በሚደወልበት ደብር ሕዝቡ ደወሉን ልብ ማለት እንደሚተው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ብግነቱ ከልክ ያልፋል፥ ሕመሙም ይጸናል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፥ በሽታውን ያመጣው ቫይረሱ ነው እንጂ ጭንቀቱ አይደለም። እጅግ ከተጨነቁት መካከል እንኳ ከግማሽ የሚበልጡት በጉንፋን አልታመሙም፤ ጭንቀታቸው ካነሰውም የታመሙ አሉ። እንግዲህ የታመመን ሰው «በእምነትህ ማነስ ያመጣኸው ነው» ማለት በሕክምናም በወንጌልም ሐሰት ነው። ዕውር ሁኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ በደለኛ ሲፈልጉ፥ ጌታችን ነገሩን በእርሱም በወላጆቹም በደል ላይ አላኖረምና።

ሁለተኛ፥ ጭንቀት በቃል ብቻ አይርቅም። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ፊት ሸሽቶ ሞቱን እስኪለምን ድረስ በተጨነቀ ጊዜ፥ የተላከለት መልአክ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ እንደ ገና ቢተኛም ታግሦ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። በኮሬብ ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ያችን ሴት ሳናሳርፋት ስብከቱን አስቀደምን።

ስለዚህ ተመልሰን ይቅርታ ጠየቅናት። የማኅበር እናቶችም ተራ ገብተው፥ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፥ መስኮቱንም ከፍተው በሳምንት 3 ሌሊት ባልዋን ጠበቁላት፤ እርስዋም ተኛች። ሳሉ ከዚያ በፊት ለቋት ነበርና መዳንዋን የእኛ ሥራ አናደርገውም። ነገር ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ በቅዳሴ ቆማ አየናት።

ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፤ ወደ ንስሐ ልጆቻችን ቤት ስንገባ «አትጨነቁ» ከማለታችን በፊት «ሌሊቱን ማን ይጠብቅላችኋል?» ብለን እንጠይቅ። ጸሎቱን አናስታጕል፤ ሐኪሙንና ክትባቱንም አንናቅ፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዝዘናልና። እናንተም ምእመናን፥ በጎረቤታችሁ የሚያስታምም ሰው ቢኖር አንዲት ሌሊት ተካፈሉት። ሐዋርያው ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዘዘው ይህን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።