ዳዊት ስለ አበኔር ያለቀሰው ልቅሶ

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ሞት እንደሚመጣ ሁሉ ያውቃል፤ ቀኑን ግን የሚያውቅ የለም። በሥልጣን ላይ የተቀመጠ ሰው በድንገት በሞተ ጊዜ ሕዝብ በሁለት ይከፈላል፤ ወዳጁ ያለቅሳል፥ ተቃዋሚው ግን «የእኔ ወገን አይደለም» ብሎ ዝም ይላል፤ አንዳንዱም በልቡ ደስ ይለዋል። ይህ ለክርስቲያን የተገባ ነውን? መልሱን ከቅዱስ መጽሐፍ እንመልከት።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈው፥ የኔር ልጅ አበኔር የሳኦል የጦር አለቃ ነበረ። ሳኦል ከሞተ በኋላም ልጁን ኢያቡስቴን አንግሦ ከዳዊት ቤት ጋር ተዋጋ። በመጨረሻ ለዕርቅ ወደ ኬብሮን መጥቶ ከዳዊት ጋር በሰላም ተለያየ። ኢዮአብ ግን የወንድሙን የአሣሄልን ደም ለመበቀል በተንኰል አስመልሶ በከተማው በር ገደለው። ዳዊት ይህን በሰማ ጊዜ «ባላጋራዬ ሞተልኝ» አላለም። ሕዝቡ ማቅ እንዲታጠቅ አዘዘ፤ እርሱም ከቃሬዛው በኋላ ሄደ፤ በመቃብሩ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅም እህል አልቀመሰም። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ ገዳዩን ኢዮአብን ራሱን ልብሱን ቀዶ እንዲያለቅስ ማዘዙ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ያ ደም በንጉሡ ፈቃድ እንዳልፈሰሰ እስራኤል ሁሉ ያወቀው በዚህ ልቅሶ ነው፤ አዲስ ቂም ሊሆን የነበረውም በረደ። ሁለተኛ፥ ልቅሶው እውነትን አልሸፈነም፤ ዳዊት የኢዮአብን ሥራ መልካም አላለውም፥ ፍርዱንም ለእግዚአብሔር ሰጠ እንጂ አልረሳውም።

በአገራችንም ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን በባሕር ዳር በስብሰባ ላይ ሳሉ በጥይት ተመትተው ሞቱ፤ ከእርሳቸውም ጋር አቶ እዘዝ ዋሴ ሞቱ፥ አቶ ምግባሩ ከበደም በቁስላቸው ምክንያት ዐረፉ። በዚያው ምሽት በአዲስ አበባ ኤታ ማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና በጡረታ ላይ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። መንግሥት የነገሩ መሪ ናቸው ያላቸው ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌም ሰኔ 17 ቀን ተገደሉ። በዚያ ሳምንት በባሕር ዳር፥ በመቀሌና በላሊበላ መቃብር ተቆፈረ። ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታውጆ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን የአንዱን እናት እንባ አይቶ የሌላይቱን እናት እንባ ማየት የተሳነው ሰው አልጠፋም።

እኛ በአቃቂ ቃሊቲ የምንኖር ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ልናስተውለው ይገባናል። ሠፈራችን በባቡሩና በፋብሪካዎቹ ምክንያት ከየአገሩ ለሥራ የመጣ ሕዝብ የሚኖርበት ነውና፥ በአንድ እድር የጎንደሩም የትግራዩም የወሎውም የሸዋውም ሰው መዋጮውን እኩል ይከፍላል። የእድሩ ጥሩምባ ተነፍቶ ድንኳኑ በተተከለ ጊዜ «ሟቹ የየትኛው ፓርቲ አባል ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የተጣላ ሰው እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። እንግዲህ ለጎረቤታችን የምናደርገውን ለአገር ሹም ስለ ምን እንከለክላለን?

«በሥልጣኑ በድሎኛልና እንዴት አለቅስለታለሁ?» የሚል ቢኖር፥ ልቅሶ ሙገሳ አለመሆኑን ይወቅ። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው፥ ሊሰቅሉት ለተዘጋጁባት ለኢየሩሳሌም አልቅሶላታል፤ ኃጢአቷን ግን አላመሰገነም። በደል በሕግ ይጠየቃል፤ የሞተው ሰው ግን የእግዚአብሔር ፍጡር ነው።

ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፥ በጸሎተ ፍትሐት የምናነሣው የሟቹን የክርስትና ስም እንጂ የፓርቲውን ስም አይደለም፤ ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የአንዱን ወገን ሬሳ በደስታ፥ የሌላውን በፊት መጨማደድ አንቀበል። ምእመናንም በልቅሶ ቤት ነቀፌታና ክርክር ከማንሣት ተጠበቁ፤ ቂም የያዛችሁበት ሰው ቤት ሐዘን በገባ ጊዜ ቀድማችሁ ሂዱ፤ ደም በደም የሚመለስበት መንገድ የሚዘጋው በዚህ ነውና።

እግዚአብሔር የሙታንን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለሕያዋንም የዕርቅን ልብ ይስጠን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።