ገድሎ እንደ ሆነስ?

«አሥራ ሁለት የተቆጡ ሰዎች» የሚባለውን የአሜሪካ ፊልም ያዩ ሰዎች ተገናኝተው ጨዋታ ሲጀምሩ፣ ነገራቸው ዞሮ ዞሮ በአንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፤ ይኸውም ልጁ አባቱን ገድሏል ወይስ አልገደለም የሚለው ነው። ሬጂናልድ ሮዝ የደረሰውና ሲድኒ ሉሜት ያዘጋጀው ይህ ፊልም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ከወጣ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ክርክሩ ግን አላረጀም። እኔም ብዙ ጊዜ ተከራክሬበታለሁና የማስበውን ልጽፍ ተነሣሁ።

የአገሩን ሥርዓት ላላወቀ አንባቢ አስቀድሞ ጥቂት መግለጥ ያስፈልጋል። በአሜሪካ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው መብቱን ካልተወ በቀር፣ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት በሹመት የተቀመጡት ዳኞች ሳይሆኑ ከሕዝቡ መካከል የተጠሩ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ጁሪ ይባላሉ። ዳኛው ሕጉን ይነግራቸዋል፤ እነርሱ ምስክሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ በር ተዘግቶባቸው በአንድ ቃል እስኪስማሙ ድረስ ይመክራሉ። በፊልሙ ውስጥ ያሉት አሥራ ሁለቱ የሚታወቁት በቁጥራቸው ነው። የተከሰሰው የ18 ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱን በሴንጢ ወግቶ ገደለ ተብሏል፤ ጥፋተኛ ከተባለ ፍርዱ በኤሌክትሪክ ወንበር ላይ መሞት ነው። በመጀመሪያው ድምፅ አሥራ አንዱ ጥፋተኛ ነው ብለው እጃቸውን አወጡ። ሄንሪ ፎንዳ የሚጫወተው ስምንተኛው ሰው ብቻ አላወጣም። እንግዲህ ልጁ ንጹሕ ነው ትላለህን? ብለው ሲጠይቁት አላውቅም አለ። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ቃል ይህ ነው።

ማስረጃው ምን ነበር? ከታች ያለው ቤት የሚኖር አንድ ሽማግሌ ልጁ ሲዝትና ከአንድ ሰከንድ በኋላ ሰው ሲወድቅ ሰማሁ፣ በ15 ሰከንድም ውስጥ ከበሬ ደርሼ ልጁ በደረጃው ሲሮጥ አየሁ ብሏል። ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ የምትኖር ሴት ደግሞ በሚያልፈው ባቡር መስኮት አሻግሬ ሲወጋው አየሁ ብላለች። ነገር ግን ሁለቱ ምስክሮች እርስ በርሳቸው ይፋረሳሉ፤ ባቡሩ በዚያች ደቂቃ ያልፍ ከነበረ ሽማግሌው በዚያ ሁሉ ድምፅ ውስጥ የልጁን ዛቻ ሊሰማ አይችልም። እግሩም ያነክስ ስለ ነበር፣ ስምንተኛው ሰው ርቀቱን ለክቶ እንደ እርሱ እያነከሰ ቢሄደው 41 ሰከንድ ፈጀ። በሴትዮዋም አፍንጫ በግራና በቀኝ የመነጽር ምልክት ነበረ፤ አየሁ ያለችው ግን ከአልጋዋ ላይ ሆና ነው፤ መነጽሩን አድርጎ የሚተኛ ሰው ደግሞ የለም።

እስከዚህ ያለው ቀላል ነው። ልጁ ገድሏል የሚሉት ግን ሞኞች አይደሉምና ቃላቸውን ልንሰማ ይገባል። እንዲህ ይላሉ፤ ያን ዕለት ማታ አባቱ መታው፤ ልጁ ከቤት ወጥቶ ሴንጢ ገዛ፤ በትክክል የዚያው ዓይነት ሴንጢ ከአባቱ ደረት ተገኘ። የኔስ በኪሴ ቀዳዳ ወድቆ ጠፋ አለ። በዚያ ሰዓት ሲኒማ ቤት ነበርሁ ብሎ ሳለ ያየውን ፊልም ስም እንኳ ለፖሊስ መናገር አልቻለም። ንጹሕ ነው ለማለት እንግዲህ ሴንጢው በዚያች ሌሊት መጥፋቱን፣ አባቱን የሚጠላ ሌላ ሰው ያንኑ የመሰለ ሴንጢ ይዞ በዚያችው ሌሊት መምጣቱን፣ ልጁም የፊልሙን ስም በድንጋጤ መርሳቱን ሁሉንም በአንድነት ማመን አለብን። አንዱ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም አጋጣሚ ነው ማለት ግን ይከብዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ እያንዳንዱ ክር ቢሳሳም ተደርቦ ያስራል ይላሉ።

ይህ ክርክር ብርቱ ነው። የሁለቱ ምስክሮች ክር ከተበጠሰ በኋላ እንኳ የቀረው ቀላል አይደለም። የሲኒማው ነገር ብቻ ያን ያህል አያሳስበኝም፤ አራተኛው ሰው፣ ከሁሉ ይልቅ የረጋውና አስተዋዩ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ያየውን ፊልም ስም ሲጠየቅ ተሳስቷልና፤ እርሱ ደግሞ የአባቱ ሬሳ በአጠገቡ አልነበረም። ሴንጢው ግን ያስቸግራል። ስምንተኛው ሰው ተመሳሳዩን ከልጁ ሰፈር ገዝቶ በጠረጴዛው ላይ ሲሰካው ተመልካቹ ሁሉ ይደሰታል፤ እኔ አልደሰትም። ጁሪ በችሎት ያልቀረበ ማስረጃ በራሱ ሄዶ እንዲፈልግ ሕጉ አይፈቅድለትም። ለዚህ ደግ ሰው የተፈቀደው፣ የድኻ ሰፈር ልጆችን ሁሉ እንደ አውሬ ለሚቆጥረው ለአሥረኛው ሰው ቢፈቀድ ምን ይዞ ይመጣ ነበር?

የኔን አሳብ የጠየቀኝ ሰው ካለ፣ ልጁ ሳይገድል አልቀረም እላለሁ። ይሁን እንጂ ይህችን የቋንቋችንን አነጋገር እንመርምራት። «ሳይገድል አልቀረም» የምንለው በቡና ላይ ነው፤ የሚናገራት ሰው ቢሳሳት የሚከፍለው ዕዳ የለበትም። ሞት የሚፈርድ ሰው ግን «ገድሏል» ማለት አለበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1970፣ የወንጀል ክስ ምክንያት ካለው ጥርጣሬ በላይ ካልተረጋገጠ ማንም ጥፋተኛ እንዳይባል ሕገ መንግሥቱ ያስገድዳል ብሎ ወስኗል። ልጁ ሲለቀቅም «ነጻ ወጣ» እንላለን፤ «ነጻ» እና «ንጹሕ» ለጆሮ ስለሚቀራረቡ፣ የተለቀቀ ሁሉ ንጹሕ የተባለ ይመስለናል። አሥራ ሁለቱ ግን ንጹሕ ነው አላሉም፤ አልተረጋገጠብንም አሉ እንጂ።

እንግዲህ ልጁ በእውነት ገድሎ ቢሆን፣ በመጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት አሥራ አንዱ ልክ ነበሩን? እኔ አልነበሩም እላለሁ። ሦስተኛው ሰው ከገዛ ልጁ ተጣልቶ ሁለት ዓመት ያልተያየ ነው፤ የሚፈርደው በራሱ ልጅ ላይ ነው። አሥረኛው የሚፈርደው በሰፈሩ ላይ ነው። ሰባተኛው የቤዝቦል ጨዋታ መግቢያ ትኬት በኪሱ ስላለ የሚቸኩል ነው። እነዚህ ሰዎች ልጁ ንጹሕ ቢሆንም ያንኑ እጅ ያወጡ ነበር። ገዳይም ቢሆን ንጹሕም ቢሆን እኩል የሚወጣ እጅ ስለ ልጁ የሚያውቀው ነገር የለም። በጨለማ የተኮሰ ሰው ጅቡን ቢመታ አነጣጣሪ አይባልም፤ በዚያ በኩል የሚያልፈው የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችል ነበርና።

ይህንንም ፊልሙ ራሱ በአንድ ቦታ በግልጥ አሳይቷል። ወደ መጨረሻው ሰባተኛው ሰው ነገሩ ሰለቸውና ድምፁን ለውጦ ጥፋተኛ አይደለም አለ። በዚህ ጊዜ የተቆጣው ማን ነው? ይፈረድበት የሚሉት አይደሉም፤ ልጁ እንዲለቀቅ የሚፈልገው አሥራ አንደኛው ሰው፣ ከአውሮፓ የመጣው ሰዓት ሠሪ ነው። ወገን አገኘሁ ብሎ ዝም ማለት ሲችል፣ በሰው ሕይወት እንዲህ ትጫወታለህን? ብሎ ተነሣበት። ከስምንተኛው ሰው ይልቅ ይህን ሰው አከብረዋለሁ። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ወንጀለኛው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ለአውጫጭኝ ይሰበሰብና ነገሩ እስኪወጣ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ይከለከል ነበር። ከብቱ ሳይጠበቅ፣ እርሻው ሳይታረስ የዋለበት ሰው አንድ ስም ተጠርቶ ብንገላገል ብሎ እንዳይመኝ ምን ይከለክለዋል? እኛ ጁሪ የለንም፤ የሰባተኛውን ሰው ትኬት ግን እናውቀዋለን።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። በዚያ ክፍል ስለ ልጁ ብዙ ተነገረ፤ ለሟቹ ግን ያዘነ የለም። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይደበድብ የነበረ፣ ታስሮም የወጣ ሰው ነበር፤ ቢሆንም ሰው ነው፤ ደሙም ፈስሷል። ልጁ ገዳይ ከነበረ ይህ ደም ያለ ፈራጅ ቀረ ማለት ነው፤ ይህን ጥቂት ነገር ነው የሚል ሰው ከኔ ጋር አይስማማም። ዕዳው ግን በአሥራ ሁለቱ ላይ አይደለም። ሰፈሩንና ልጁን አይተው ነገሩ አለቀ ያሉት፣ የሽማግሌውን እግር ያልለኩት፣ ሴትዮዋ መነጽር ታደርግ እንደ ሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ከምስክር ሳጥን ያቆሟት መርማሪዎችና ዐቃቤ ሕጉ ናቸው። ልጁ ገድሎ ካመለጠ ያስመለጡት እነርሱ ናቸው።