ቀኝ እጄና ስልኬ

ባለፈው ፍልሰታ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጡ ነዳያን ዳቦ ይዤ ሄድኩ። አንዲት እናት በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሲመርቁኝ፣ ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ስልክ ሲደባብስ እጅ ከፍንጅ ያዝኩት። ፎቶ ሊያነሳ ነበር። ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ላይ፣ ምጽዋት ስትሰጥ «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁ ሰው ነኝ!

እጄን ማን አዘዘው ብዬ ሳስብ አንድ የቆየ ታሪክ ትዝ አለኝ። በ1929 እ.ኤ.አ. የሲግመንድ ፍሮይድ የእህት ልጅ የሆነው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ኤድዋርድ በርኔይስ፣ በኒው ዮርክ የፋሲካ ሰልፍ ላይ ሴቶች ሲጋራ እያጨሱ እንዲያልፉ አደረገ። ሲጋራው «የነጻነት ችቦ» ተባለ፤ ጋዜጦችም ተቀባበሉት። ከሴቶቹ መካከል ከልቧ ለነጻነት ብላ ያጨሰች ትኖር ይሆናል። ለበርኔይስ የሚከፍለው ግን የሲጋራ ኩባንያ ነበር። ታዲያ ፈቃዱ የማን ነው?

እኔን የላከኝ የለም፤ ወይም የላከኝን አላየሁትም። ፌስቡክ የ«ላይክ» ቁልፉን ያመጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ጣቴ ሳያማክረኝ መሄድ ለምዷል።

አያቴ ቆሎ የምትሰጠው በነጠላዋ ሸፍና ነበር። እርግጥ እሷም ከጎረቤት ዓይን ነጻ አልነበረችም፤ ይሉኝታ የሚባል ጌታ ነበራት። የሷ ጌታ ግን ከሰፈር አያልፍም፤ ከምጽዋቷም ትርፍ አይቆርጥም። በካሜራ ፊት የሚለመን ገንዘብ ስንት ሕመምተኛ እንዳሳከመ አልክድም። የእኚያ እናት ፊት ግን የኔ ማስታወቂያ አልነበረም።

ስልኬን አላወጣሁም። ይኸው ግን ጻፍኩት።