የሚነቀል ቤት

አሮጌ ካራቫን የሚያረጀው ቆሞ ነው። ኩዌት፣ ፋርዋኒያ ውስጥ ከምሠራበት ቤት አጠገብ፣ ባዶው መሬት ላይ የቆመው ካራቫን ሞተሩም መኝታውም አንድ ላይ ነው። የሚነዳው ቤተሰቡ በረሃ ላይ ሊሰፍር ሲወጣ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፤ የሚጎዳው ግን በቀረው ጊዜ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ፀሐዩ የጣራውን ማስቲሽ ያደርቀዋል፣ የመስኮቱን ጎማ ይሰነጥቀዋል። አቧራው በየቀዳዳው ይገባል። ይህች አገር በሐምሌ ወር 2016 እ.ኤ.አ. ሚትሪባ በተባለው ስፍራ 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተመዘገበባት አገር ናት። እንዲህ ባለ ሙቀት ባትሪ ዕድሜው ያጥራል፤ የመኪና ጎማም ጥርሱ ሳያልቅ ውስጡ ይደርቃል። ስለዚህ የጎማን ዕድሜ ከጥርሱ አልጠይቅም። ጎኑ ላይ ከታተሙት የመጨረሻ አራት አኃዞች ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ።

እኔ የቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የካራቫን ጥገና ውሌ ላይ የለም። ነገሩ የተጀመረው የኅዳር ዝናብ ጣራውን አልፎ የልጆቹን ፍራሽ ያራሰ ጊዜ ነው። ማዳም ሹዋይክ ጋራዥ ይወሰድ አሉ፤ እኔ መጀመሪያ ወጥቼ ልየው አልኩ። አባቴ ደብረ ታቦር አናጺ ስለነበረ መሰላል አልፈራም። ጥምቀት ሲቃረብ ታቦቱ የሚያድርበትን ድንኳን ዘርግቶ፣ ወስፌና ሲባጎ ይዞ የሚጠግነውም እሱ ነበር። ድንኳኑ የሚተከለው ለከተራ ሌሊት ነው። አባቴ ለአንድ ሌሊት ነው ብሎ ያለፈው ስፌት ግን አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ካራቫኑን ከሕንድ ኬረላ ከመጣው የቤቱ ሾፌር ጋር እናድሰዋለን። እሱ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ልጅ ነው። በ1957 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ በጠሩት የኦርየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የእሱ ቤተ ክርስቲያንም የእኔም አብረው መቀመጣቸውን ስነግረው ደስታው ልክ አልነበረውም።

የጣራ ፍሳሽ አስቸጋሪነቱ ውሃው የሚንጠባጠብበት ቦታ የገባበት አለመሆኑ ነው። በአየር ማውጫው ዙሪያ ወይም በጣራው ጠርዝ መጋጠሚያ ይገባና በውስጥ በውስጡ ተንሸራቶ ራቅ ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ግድግዳውን በጣት እየተጫንን እንሄዳለን፤ ኮምፔንሳቶው የበሰበሰበት ቦታ ላይ ጣት ይሰምጣል። ቀዳዳው ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። አዲስ ሲሊኮን በደረቀ አሮጌ ሲሊኮን ላይ አይይዝም። ከላይ ቢቀቡት ለጊዜው ያማረ ይመስላል፣ ሙቀት ሲመታው ይላጣል። አሮጌው እስከ ሥሩ ተፍቆ፣ ቦታው በአልኮል ተወልውሎ፣ ከደረቀ በኋላ ነው አዲሱ የሚገባው። የጋዝ ፍሪጁም የራሱ ጠባይ አለው። ኮምፕሬሰር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው ሙቀት በሚያንቀሳቅሰው አሞኒያ ነው፤ ካራቫኑ አሸዋ ላይ አዘንብሎ ከቆመ በደንብ አይሠራም። ክሪክና ሳንቃ ይዘን፣ ወለሉ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጠን እናስተካክለዋለን።

ታዲያ አንድ ዓርብ ከወሎ የመጣች ጓደኛዬ እጄ ላይ የደረቀውን ሲሊኮን አይታ፣ «ዱንያ ጠፊ ናት፤ ለዚያውም የሰው ካራቫን! ምን አደከመሽ?» አለችኝ። ንግግሯ አላስቀየመኝም፤ ግን አብሮኝ ሰነበተ። እሷ በሃይማኖቷ የምትለውን እኔም በሃይማኖቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው አድጌአለሁ። ዓለም አላፊ ነው፣ እኛም እንግዶች ነን። ኩዌት ውስጥ ይህን የማያውቅ አበሻ የለም፤ ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን ራሱ፣ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ካራቫኑም አንድ ቀን ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል። እንግዲህ ለሚያልፍ ነገር መድከም እምነት ማነስ ነውን?

መልሱን ያገኘሁት ሰው እያዛጋ የሚያልፈው የኦሪት ክፍል ውስጥ ነው። ዘፀአት ላይ እግዚአብሔር ማደሪያውን ሲያዝዝ ከፍየል ጠጉር የሚሠሩ 11 መጋረጆች ይላል፤ የእያንዳንዱ ርዝመት 30 ክንድ፣ ወርዱ 4 ክንድ። 50 የናስ መያዣዎች ይላል። ይህ ሁሉ ልክ የወጣለት ቤት እኮ የሚነቀል ቤት ነው። ደመናው በተነሣ ጊዜ ሁሉ ይፈታል፣ ይጠቀለላል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል። ቤተ መቅደሱ የሚመጣው ከብዙ ትውልድ በኋላ ነው። ዘኁልቁ ደግሞ የሜራሪ ልጆች ስለሚሸከሙት ሳንቃ፣ መወርወሪያ፣ ምሰሶ፣ እግር፣ ካስማና አውታር ሲያዝዝ፣ ዕቃው በየስሙ ይቆጠርላቸው ይላል። ካስማ እንኳ በስሙ! አላፊነት ለግድየለሽነት ምክንያት ቢሆን ኖሮ ከዚያ ድንኳን የበለጠ ምክንያት ያለው ነገር አልነበረም።

ከዚህ ተነሥቼ አንድ ነገር አምናለሁ። ዓለም አላፊ መሆኑን በትክክል የሚያውቀው የሚጠግን ሰው ነው። ጠፊ ነው ብሎ የተወው ሰው ነገሩን ከልቡ አውጥቶታልና ሲጠፋ አያየውም። በየዓመቱ ጣራ ላይ የሚወጣ ሰው ግን ምን ያህል እንደ ሳሳ፣ የትኛው ብሎን እንደ ዛገ፣ የቱ ጥግ ሌላ ዝናብ እንደማይችል በእጁ ያውቃል። ሳይሰስት ይጠግናል፣ ለዘላለም ይኖራል ብሎም ራሱን አያታልልም። በረሃ ላይ ዛሬ ማታ የሚተኛው ልጅ ግን እውነተኛ ነው፤ ዝናቡም እውነተኛ ነው።

የማዳም እናት ይህን ከእኔ በፊት ያውቁታል። ኩዌት በ1946 እ.ኤ.አ. ነዳጅ መላክ ከመጀመሯ በፊት ወገኖቻቸው በፍየል ጠጉር ድንኳን ይኖሩ እንደነበር ይነግሩኛል። ጠጉሩ ሲረጥብ ስለሚያብጥ ሽመናው ራሱን ይደፍናል። ያረጀውን ዝርግ እየፈቱ በአዲስ የሚተኩት፣ የሚሸምኑትም ሴቶች ነበሩ። ሳዱ የሚባለውን ያንን ሽመና ዩኔስኮ በ2020 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። የጓደኛዬን ጥያቄ ባጫወትኳቸው ጊዜ አሮጊቷ ማማ አንድ የነቢዩን ሐዲስ ነገሩኝ፤ ዕለተ ትንሣኤ እየደረሰች ሳለ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ ይትከለው የሚል ነው። ለጓደኛዬ ስነግራት ታውቀው ኖሯል። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ችግኙ ግን የራሱ ነው» አለችኝ።

ክርክሯ ጠንካራ ነው፤ አልፌው አልሄድም። የሰውን ዕቃ በፍቅር ጠግኝ የሚለው ስብከት ከአሠሪ አፍ ሲወጣ ሌላ ነገር ይሆናል። ደመወዝ የተያዘባት ሴት ይህን ጽሑፍ ብታነብ ምን ትለኛለች? ኦሪት ግን እዚህም ላይ አልረሳትም። አለቆቹ ለማደሪያው 6 የተከደኑ ሰረገሎችና 12 በሬዎች ባመጡ ጊዜ ሙሴ እኩል አላካፈለም። መጋረጃ ለሚሸከሙት የጌድሶን ልጆች 2 ሰረገሎችና 4 በሬዎች፣ ሳንቃና እግር ለሚሸከሙት የሜራሪ ልጆች 4 ሰረገሎችና 8 በሬዎች ሰጠ። የከበደበት የበለጠ አገኘ። ሌዋውያኑም ለድካማቸው አሥራቱ ተሰጣቸው። እግዚአብሔር ድንኳኑ እንዲጠበቅ ሲያዝዝ የጠባቂውን ወገብም አስቧል።

በዚህች አገርም በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በዓመት ደመወዝ ያለው ፈቃድ ይላል፤ የቀኑንም ሥራ ከ12 ሰዓት አያሳልፍም። ለእኔ ሕጉና ድንኳኑ አንድ ትምህርት ናቸው። ሐዋርያው ጴጥሮስ ሥጋውን ማደሪያ ብሎ ጠርቶታል፤ ሥጋችንም የሚነቀል ቤት ነው። ሁሉንም ሳንቲም አገር ቤት ልካ ጥርሷን ሳትታከም የምትውል እህት «አላፊ ነው» ስትለኝ፣ አላፊማ ነው፣ ግን ካስማው በስሙ የተቆጠረ ነው እላታለሁ።

ስለ ዕድሜም ተጽፏል። ሌዋዊ 50 ዓመት ሲሞላው ከሸክሙ ሥራ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ወንድሞቹን በጥበቃ ያግዛል እንጂ አይሸከምም። ይህን ለሾፌሩ ባነበብኩለት ጊዜ እሱ 52 ዓመቱ ነበርና መጽሐፉን ተቀብሎ ደግሞ አነበበው። ዘንድሮ በረሃ ላይ የሚሰፈርበት ወቅት ከመከፈቱ በፊት ጣራ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ፤ እሱ መሰላሉን ይይዛል። ለማዳምም ሥራው ከተለመደው ውጪ ስለሆነ ለብቻው እንዲከፈለን፣ ኮምፔንሳቶውንም ከመለጠፍ በአዲስ መተካት እንደሚሻል ነግሬአቸዋለሁ። ስለ ኮምፔንሳቶው ወዲያው ተስማምተዋል፤ ስለ ክፍያው ከባለቤታቸው ጋር እንነጋገር ብለዋል።