የስሎው ቤት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የዋሽንግተን መሥሪያ ቤቶች የሰው ያለህ አሉ። በታይፕ የሚጽፍ፣ ፋይል የሚያደራጅ ሰው ጠፋ። ጥቁር ልጃገረዶችም ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ከየክፍለ ግዛቱ መጡ። ሥራው ተገኘ፤ ማደሪያው ግን አልተገኘም። በዚያች ከተማ ጥቁርና ነጭ በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም ነበርና ደህናው የኪራይ ክፍል ሁሉ የነጭ ነበር። በመጨረሻ መንግሥት ለእነዚህ ሴቶች አንድ ትልቅ ሕንጻ ሠራ፤ ስሙንም ሉሲ ዲግስ ስሎው አዳራሽ አለው።

ከልጆቹ አንዷ፣ እንበል፣ በሩ ላይ ደርሳ ስሙን አነበበች። ቁልፍ የሚያድሉትንም አሮጊት ጠየቀቻቸው።

“እማማ፣ ይህቺ ስሎው ማን ናት? ገንዘቡን የሰጠች ሀብታም ናት?”

“የለም ልጄ። በሕፃንነቷ ወላጆቿ የሞቱባት፣ አክስቷ ያሳደገቻት ልጅ ነበረች። እዚሁ ዋሽንግተን ያለው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ገብታ በ1908 ተመረቀች። በ1917 የጥቁሮች ብሔራዊ የቴኒስ ውድድር ሲጀመር የሴቶቹን ድል የወሰደችው እሷ ናት። በ1922 ደግሞ ሃዋርድ የሴት ተማሪዎች ዲን አድርጎ ሾማት።”

“ዲን ምን ይሠራል?”

“ያን ጊዜ የሚፈለገው ዘበኛ ነበር። ማን ወጣች፣ ማን አመሸች፣ ከማን ጋር ታየች እያለ የሚቆጥር። እሷ ግን ልጆቹ ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ፣ ከመምህርነት ሌላም ሙያ እንዲያልሙ ፈለገች። ለዚህ የሚሆን ቤት ስጡን እያለች ወተወተች፤ በ1931 ሦስት የሴቶች ማደሪያ ተከፈተ።

“ከዚያ በኋላ ጠብ መጣ። ፕሬዚዳንቱ ሞርድካይ ጆንሰን ‘ግቢ ገብተሽ ከተማሪዎቹ ጋር ኑሪ’ አሏት። እሷ ግን ሥራውን ስትይዝ ከግቢ ውጭ ልትኖር ተስማምታ ነበር፤ ከቲያትር ጸሐፊዋ ከመምህርት ሜሪ በሪል ጋር የምትኖርበት ቤት ነበራት። አሻፈረኝ አለች። በ1937 እስክትሞት ድረስ ከሥራዋም ከቃሏም ንቅንቅ አላለችም።”

“ታዲያ ማን ረታ?”

አሮጊቷ ከሰሌዳው ላይ አንድ ቁልፍ አወረዱ። የክፍሉ ቁጥር በትንሽ ቆርቆሮ ላይ ተመትቶ ተንጠልጥሎበታል። ልጅቷ መዳፍ ላይ አኖሩትና “ስትወጪ ቆልፊ። ስትመለሺ የት ነበርሽ ብዬ አልጠይቅሽም” አሏት።

ጆንሰን ክፉ ሰው አልነበሩም። የሃዋርድ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆነው 34 ዓመት መርተውታል፤ ብዙ ነገርም ሠርተውለታል። በዚህ ጉዳይ ግን የተሳሳቱት እሳቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ። አዋቂ ሴት የት እንደምታድር ሊወስንላት የሚችል አለቃ የለም፤ ይህን ለራሷ ያላስከበረች ዲንም ለተማሪዎቿ ልታስከብር አትችልም ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ሕንጻው የሃዋርድ ተማሪዎች ማደሪያ ሆነ። የጆንሰን ስም ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ሕንጻ መጠሪያ ነው፤ የስሎው ስም የተሰጠው ግን ሴቶች ሠርተው ለሚያድሩበት ቤት ነው።