እመጫት ስትጾም ማን ይጾማል?

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ሁዳዴ በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይገጥመኛል። እመጫት ስትጾም በእርግጥ የሚጾመው ማን ነው? የሕክምና ትምህርቴ ብቻውን አይመልስልኝም፤ ሃይማኖቴን ይዤ ነው የማስበው።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከጾም ግዴታ ነፃ እንደሆኑ ንስሐ አባቶች ይነግሩናል። ብዙዎቹ እናቶች ግን አይፈስኩም። ባለፈው ሁዳዴ ልጇን ልታስከትብ የመጣች ወጣት ወተት እንድትጠጣ ብነግራት፣ «ሲስተር፣ አባም ፈቅደውልኝ ነበር፤ ልቤ ግን እሺ አላለኝም» አለችኝ። አማቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል፤ ወገባቸው ጎብጧል። «እኛስ ጾመን አይደል ያሳደግናቸው? የዛሬ ልጅ አቅም የለውም እንጂ» አሉ። ልጅቷ አቀረቀረች። ፈቃዱ የአቅመ ቢስ ምጽዋት ተደርጎ መቆጠሩ ያንገበግበኛል።

ማን ይጾማል የሚለውን ለመመለስ ከካልሲየም ልጀምር። በጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ካልሲየም አለ። 99 በመቶው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው፤ የቀረችው አንድ በመቶ ግን ሕይወትን ይዛ የምታቆመው እሷ ናት። ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ደም የሚረጋው በእሷ ነው። እኛ ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በእርግዝና የደም ግፊት ምክንያት ለምትንቀጠቀጥ እናት ማግኒዝየም ሰልፌት ስንሰጥ፣ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ እያደረግን እግሯ መፈናጠሩን እናያለን፤ ትንፋሿን እንቆጥራለን። መድኃኒቱ በዝቶባት እግሯ ዝም ካለ፣ ትንፋሿም ከዘገየ፣ አልጋው አጠገብ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው፤ አንድ ግራም፣ በደም ሥር፣ ቀስ ተብሎ። በዚያ መድኃኒት ትንፋሽ ሲመለስ ያየ ሰው ካልሲየምን የአጥንት ነገር ብቻ ነው አይልም።

አካልም ይህችን በደም ውስጥ ያለች ጥቂት ካልሲየም አያስነካም። አንገት ውስጥ አራት የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ዕጢዎች አሉ፤ ደሙን ሌት ተቀን ይጠብቃሉ፣ ትንሽ ሲጎድል ከአጥንት ያስወጣሉ። ስለዚህ ሰው ሲጾም ደሙ አይጾምም። እመጫት ስትሆን ደግሞ ወተቷም አይጾምም። እናትየው ብዙ በላች ጥቂት በላች፣ በወተቷ ያለው ካልሲየም ብዙም አይለዋወጥም፤ በቀን ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ያህል ለልጁ ይሄዳል። ዋናው ምንጭ አጥንቷ ነው። በማጥባት ወራት ከጀርባ አጥንቷ ብቻ ከ3 እስከ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ልታጣ ትችላለች። የካልሲየም ኪኒን ብትወስድ እንኳ ይህ ወጪ አይቀርም።

ጥያቄው የሚከብደኝ እዚህ ላይ ነው። ሳታውቀው፣ ሳትጠየቅ ከአጥንቷ የሚወጣ ነገር መሥዋዕት ሊባል ይችላል? ጾም ፈቃድ ነው። ምግብ አጥቶ የዋለ ሰው ጾመ አይባልም። በዚህ ከሄድን የአጥንቱ ስጦታ ሥጋ በራሱ የሚሠራው ሥራ እንጂ አምልኮ አይደለም። የንስሐ አባቴ ይህንኑ ብለው ተከራክረውኛል፤ ክርክራቸውንም አቅልዬ አላየውም።

ነገር ግን ሥራው እንዴት እንደሚጀመር እንይ። ሕፃኑ ሲጠባ ጡቱ ራሱ ሆርሞን አመንጭቶ ወደ ደም ይልካል፤ ሆርሞኑ አጥንት ዘንድ ደርሶ ካልሲየሙን ያስለቅቃል። ትእዛዙ የሚነሣው ከሕፃኑ ከንፈር ነው። ሕፃኑን ወደ ጡት የሚያስጠጋውስ ማን ነው? በዚህ በእኛ አገር ብርድ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጁ ሲያለቅስ ጋቢዋን ገልጣ የተነሣችው እሷ ናት። ፈቃዷ ያለው እዚያ ነው፤ አጥንቷ የእሷን እሺታ ተከትሎ ነው የሰጠው። ምን ያህል እንደሚያስከፍላት አለማወቋ እሺታዋን አያሳንሰውም። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል ማንን እንደተቀበለ መች ዐወቀ? ሊቀበላቸው ግን ሮጧል፤ የተቆጠረለትም ይኸው ነው።

እኔ እንግዲህ እመጫት ነፃ የተባለችው ቀድሞውኑ መሥዋዕት ላይ ስላለች ነው ብዬ አምናለሁ። በመሠዊያው ፊት የቆመን ሰው ለምን ወደ መሠዊያው አትመጣም አይሉትም።

ወተት መጠጣቷ የአጥንቱን ወጪ ካላስቀረ ለምን ትፈስካለች ለሚለኝ፣ እናት አጥንት ብቻ አይደለችም እላለሁ። ጉልበቷ አለ፣ ክብደቷ አለ፣ በወሊድ የፈሰሰው ደሟ አለ። ልቧ ጨርሶ እምቢ ላላት የጤፍ እንጀራዋ፣ ጎመኑ፣ ከነገለፈቱ የተወቀጠ ሰሊጥ እንዳይለያት እነግራታለሁ፤ ፀሐይም እንድትሞቅ፣ ልጇንም እንድታሞቅ። ደግሞ ልጆቼ አጥንቴን ጨረሱት ለምትል ሁሉ ደስ የሚል ነገር አለኝ። ልጁ ጡት ከጣለ በኋላ፣ በስድስት ወር፣ ቢበዛ በዓመት ውስጥ የአብዛኞቹ እናቶች አጥንት የሰጠውን መልሶ ይሞላል። ከዚህ ውስጥ ስንቱ በእኛ ብልሃት የሆነ ነው? ምንም።

የእኚያ አማት ወገብ የጎበጠውም በመውለዳቸው አይመስለኝም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ኤስትሮጅን ሲቀንስ ከሚገነባው አጥንት የሚፈርሰው ይበልጣል፤ የጀርባ አጥንት ሳይወድቁበት ሊሰበር ይችላል። ያን ቀን ለእሳቸውም የአጥንት ምርመራ እንዲያደርጉ ነገርኳቸው፤ «ለእኔ ደግሞ ምን ያደርግልኛል» አሉ።

ካህናት አባቶቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። ለእመጫት ፈቃዱን ስትሰጧት ምክንያቱንም ንገሯት፤ ከመሥዋዕት እንዳልጎደለች ከእናንተ አፍ ትስማው። ለእሷ ብቻ በጆሮዋ አይሁን፤ ባልና አማት ባሉበት ይሁን። ወተቱን የምትጠጣው እነሱ ፊት ነውና።