ሳይመረጡ መቅረት

በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ ከተመረጡት መካከል ስሙን ፈልጎ ያጣ ሰው የሚሰማው ሐዘን ደመወዝ ከማጣት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ቋንቋችን ራሱ አይራራለትም፤ በፈተናው 80 ነጥብ ያገኘ ቢሆን እንኳ፣ ሌላው 82 ካገኘ እርሱ «ወደቀ» ይባላል። ነገር ግን የሥራ ማስታወቂያውን መለስ ብለን ብናነብ፣ ከደመወዙና ከተፈላጊ ችሎታው ጎን «ብዛት 1» የሚል አጭር ቃል እናገኛለን። ለዚያች አንዲት የሥራ መደብ 60 ሰዎች ቢመዘገቡ፣ ወረቀቱ ገና ሳይታረም 59ኙ እንደማይቀጠሩ የታወቀ ነው። እንግዲህ ስለ አንድ ወንበር የተሰጠ ውሳኔ፣ በሰውየው ማንነት ላይ እንደ ተሰጠ ፍርድ የሚቆጠረው በምን ምክንያት ነው?

ይህን ማለታችን ቁስሉን ለማቃለል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ ሥራ ማጣት የሰውን ክብር እንደሚያቆስልና ለቤተሰቡም አደጋ እንደሚያስከትል በግልጽ ያስተምራል። ስለዚህ «ለበጎ ነው» የሚለውን ቃል ቸኩለን አንናገረው፤ ይህን ሊል የሚገባው ባለጉዳዩ ራሱ ነው፤ እርሱም ጊዜው ሲደርስ።

ከሐዘኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከሐዘኑ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነው። ያልተመረጠው ሰው፣ ወይም ስለ እርሱ የሚቆረቆር ወዳጁ፣ «የተቀጠረው በዘመድ ነው» ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን አድልዎ የለም ብሎ የሚከራከር ሰው አላጋጠመኝም። ማስረጃ ያለው ሰው ቅሬታውን በጽሑፍ ለሚመለከተው ክፍል ያቅርብ፤ ይህን በማድረጉ ትሕትናን አጓደለ አይባልም፤ በዝምታ የታለፈ አድልዎ በሚቀጥለው ተወዳዳሪ ላይ ይደገማልና። ማስረጃ ከሌለ ግን ነገሩ የማናውቀውን ሰው ስም ማጥፋት ነው። ያ ሰው ምናልባት ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ ሲፈልግ የኖረ፣ እናቱን የሚጦር ይሆናል። የመጀመሪያ ደመወዙን እንኳ ሳይቀበል የሰው እንጀራ የነጠቀ አደረግነው። እርሱ በዚያ መሥሪያ ቤት ስሙ ጎድፎ ሲሠራ፣ እኛ ደግሞ በቂም ተይዘን የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ማንበብ እንተዋለን፤ «ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉም የዘመድ ነው» እንላለንና።

በሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ሳይመረጥ የቀረ አንድ ሰው አለ። በይሁዳ ፋንታ የሚተካ ሰው በተፈለገ ጊዜ፣ 120 ያህል ወንድሞች በተሰበሰቡበት ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ ኢዮስጦስ የተባለው ዮሴፍና ማትያስ። የተፈለገው ችሎታ፣ ከዮሐንስ ጥምቀት አንሥቶ ጌታ እስካረገበት ቀን ድረስ ከሐዋርያት ጋር መኖር ነበር። ዮሴፍ ይህን አሟልቷል። ዕጣው ግን ለማትያስ ሆነ። እርግጥ ሐዋርያነት በደመወዝ የሚቀጠሩበት ሥራ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በሕዝብ ፊት ቆሞ ሌላው ሲጠራ መስማት ምን እንደሚመስል ዮሴፍ ያውቃል። መጽሐፉ ስለ እርሱ ዳግመኛ አይናገርም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን፣ የማትያስም ስም ከዚያ በኋላ በዚያው መጽሐፍ አለመነሣቱን ነው። ዮሴፍን ለዚያ ቀን ያበቁት ከጌታ ጋር የኖረባቸው ዓመታት ነበሩ፤ እነዚያንም ዕጣው አልወሰደበትም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ውስጥ ወጣቱን በየሳምንቱ «ሥራ አገኘህ ወይ?» እያላችሁ አታስጨንቁት፤ ስለ ሌላም ነገር አነጋግሩት። ያልተመረጠውም ሰው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ፣ ነጥቡ ያነሰው በጽሑፍ ፈተናው ይሁን በቃለ መጠይቁ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ከእናንተ መካከል ደግሞ በቅጥር ኮሚቴ የምትቀመጡ አላችሁ። ተወዳዳሪው «ይደወልልኛል» እያለ ስልኩን ከእጁ ሳይለይ ሳምንታት ይጠብቃል። ምርጫው መጠናቀቁን በዚያው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ፣ መጥቶ ለሚጠይቅም ውጤቱን አስቀምጦ ማስረዳት፣ ቢበዛ አንድ ወረቀትና ሩብ ሰዓት ነው የሚጠይቀው።